በዝናብ የሚነበብ ግድግዳ

ሰኔ ሲጋመስ ወላጆች መንገድ ላይ ያስቆሙኛል። ጡረታ የወጣሁ አስተማሪ ስለሆንኩ መፍትሔው ቦርሳዬ ውስጥ ያለ ይመስላቸዋል። «ክረምቱን ልጄን እንዴት አድርጌ ላስነብባት?» ይሉኛል። አንዳንዶቹ የገዙትን የሚያብረቀርቅ መጽሐፍ ከፌስታል አውጥተው ያሳዩኛል። «ጥሩ ነው፤ አብራችሁ አንብቡ» ብዬ አልፋለሁ። ልቤ ውስጥ ያለው መልስ ሌላ ነው፤ ብናገረው ጃጀች ይሉኛል። ጣሪያችሁ ያፍስስ የሚል ነው።

ማንበብ የተማርኩት ትምህርት ቤት ነው። ማንበብ ሰውን ምን እንደሚያደርገው ያየሁት ግን አሰላ ላይ፣ በደርግ ዘመን፣ ሦስተኛ ክፍልን በጨረስኩበት ክረምት፣ በሚያፈስ ጣሪያ ስር ነው።

የአሰላን ክረምት ላላየ ሰው ማስረዳት ይከብደኛል። ጭላሎ ተራራ ሰኔ ላይ ተሰወረ ማለት እስከ መስከረም አይታይም። ከተማው ግማሹን ቀን በጉም ውስጥ ይውላል። ጋሪ ሲመጣ መጀመሪያ የሚደርሰው የፈረሱ ኮቴ ድምፅ ነው፤ ቀጥሎ ጭንቅላቱ ከጉሙ ብቅ ይላል፤ ጋሪው ራሱ ኋላ ነው የሚመጣው። ሰው ጎረቤቱን በሳሉ ይለያል። ልጅ ሆኜ ያ ሁሉ ጉም ተራራው ሲተነፍስ የሚወጣ ይመስለኝ ነበር፤ ዛሬም ሌላ ምክንያት አለው ሲሉኝ ደስ አይለኝም።

የመጨረሻው የትምህርት ቀን መጻሕፍቱ ተሰብስበው ዕቃ ቤት ገቡ። ያኔ መጽሐፍ የመንግሥት ነው፤ ዓመቱን ሙሉ በአንዱ ላይ ሦስት አራት ሆነን ተጣብቀን እናነባለን፣ ክረምት ሲመጣ ይረከቡናል። አስተማሪያችን ከሌላ አገር ተመድባ የመጣች፣ ዛሬ ሳስበው ራሷም ገና ልጅ የነበረች ሴት ናት። «እትዬ» ነበር የምንላት። ጠመኔዋን አስቀምጣ፣ እጆቿን በነጠላዋ ጠቀለለችና፣ «ክረምቱን ማንበብ እንዳታቆሙ፤ ፊደል ካልቆሰቆሱት ይዳፈናል» አለችን።

አንዱ ከኋላ፣ «እትዬ፣ መጽሐፉን ወሰዱብን እኮ!» አላት። ክፍሉ በሳቅ ተናጋ።

እሷ አልሳቀችም። «ቤታችሁ ግድግዳ የለውም?» አለች።

ገባን። ጭቃ ቤት ያለው ሰው ሁሉ ግድግዳውን ጋዜጣ የሚያለብስበት ጊዜ ነበር።

«ግድግዳችሁን አንብቡ። የሳሙናውን ካርቶን፣ የስኳሩን መጠቅለያ፣ ያገኛችሁትን አንብቡ። ብቻችሁን ግን አይደለም። በየቤታችሁ ማንበብ የማይችል ሰው አለ፤ ለእሱ ጮክ ብላችሁ አንብቡለት። መስከረም ላይ ያ ሰው ምን እንዳለ እጠይቃችኋለሁ።»

እኛ ቤት ያ ሰው እናቴ ነበረች።

አባቴ የአንድ መሥሪያ ቤት ተላላኪ ስለነበር አሮጌ ጋዜጣ አናጣም። ጳጉሜን ስትገባ እናቴ ዱቄት በውሃ አፍልታ ታወፍርና፣ ያለፈውን ዓመት ወረቀት ልጣ አዲሱን ትለጥፋለች። ግድግዳው ከስር ኖራ የተቀባ ነው፤ ወረቀቱ የሚለበጠው ለብርዱም ለድምቀቱም ነው። ፊደል ስለማትለይ የምትመራው በፎቶ ነበር። ፎቶው ውስጥ ያለው ሰው በእግሩ ከቆመ ጋዜጣው አልተዘቀዘቀም ማለት ነው። ሌላም ሕግ ነበራት፤ የዚያን ዘመን ሰው ሳላስረዳው ይገባዋል። የባለሥልጣን ፎቶ ያለበት ገጽ ምንጊዜም ወደ ውጪ ነው የሚዞረው። የትልቅ ሰው ፊት ግድግዳ ላይ ተደፍቶ ቢገኝ ቀበሌ ጠርቶ «ምን ማለትሽ ነው?» ሊላት ይችላል። በጀርባው የተጻፈው ምንም ይሁን ምን፣ እሱ ወደ ኖራው ይዞራል።

ከአልጋዬ በላይ፣ ጥጉ ላይ፣ እንዲህ ያለ ፎቶ ነበር። ባርኔጣ ያደረገ አንድ ትልቅ ሰው በስንዴ ማሳ መካከል፣ ከኮምባይነር ፊት ቆሞ፣ የስንዴ ዛላ ይዞ ፈገግ ብሏል። ከበላዩ ሰፊ ባዶ ሰማይ አለ። ያ ሰማይ ከውጪው የአሰላ ሰማይ ይልቅ ብሩህ ስለነበር ሐምሌ ሙሉ እሱን እያየሁ ነበር የምነቃው።

አልጋውን የምጋራው ከታላቅ ወንድሜ ጋር ነበር፤ እሱ ግን ባለፈው ዓመት ለብሔራዊ ውትድርና ተወስዷል። እሱ እያለ ግድግዳውን ለቤቱ ሰው የሚያነበው እሱ ነው፤ ዜናውን እንደ ሬድዮ ድምፁን አጎርንኖ ሲያነብ አባቴ እንኳ በሳቅ ይፈርስ ነበር። እናቴን መሠረተ ትምህርት እንድትገባ የወተወታትም እሱ ነው። ማታ ማታ ፊደል ቆጥራ ትመጣና እሱ ያስከልሳታል። ሲወስዱት አቆመች። «ፊደሉ ከልጄ ጋር ሄደ» አለች። ከማሰልጠኛ ወደ ሰሜን መጫኑን ሰማን፤ ከበልግ ወዲህ ድምፁ ጠፋ። ቤታችን ውስጥ ስሙ አይነሳም ነበር፣ ግን ትራሱ ከቦታው አልተነቃነቀም።

በእንዲህ ያለ ቤት ነው እንግዲህ እኔ የእትዬን ትእዛዝ ይዤ የተነሳሁት። መጀመሪያ የሳሙናውን ካርቶን አነበብኩላት። «ሳሙና መሆኑንማ እኔም አውቃለሁ» አለችኝ። ቀጥዬ ስለ ምርት ዕቅድ የሚያወራ ዜና አነበብኩላት፤ ጆሮ ዳባ ልበስ ብላ ምስሯን ትለቅም ጀመር። ተናደድኩ። ከልጅነቴም የማይሰማኝ ሰው ያናድደኛል፤ አስተማሪ የሆንኩት ለዚህ ሳይሆን አይቀርም። አልጋው ላይ ወጣሁና፣ ከፍ ብሎ የተለጠፈ ሌላ ገጽ ፈልጌ፣ ታሪክ አገኘሁ።

ታሪኩ ስለ አንዲት ባልቴትና ስለ አንድ ልጇ ነው። ልጁ ወንዝ ተሻግሮ ገበያ ይሄዳል። ሲመለስ ወንዙ ሞልቷል። የወዲያ ማዶ ሰዎች እደር ይሉታል። እናቱ ግን በወዲህ ማዶ ችቦ ይዛ ቆማለች፤ እሳቷ በዝናቡ ሲጠፋ ሲበራ ያየዋል። ልጁ ሱሪውን ሰበሰበ፣ በትሩን ጨበጠ፣ አንድ እግሩን ውሃው ውስጥ አስገባ። «ወደ ገጽ ስድስት ዞሯል።»

የእናቴ እጅ ምስሩ ላይ ቆሟል።

«ማነው የዞረው? ልጁ ነው?»

«ልጁ አይደለም እማዬ፣ ታሪኩ ነው። ቀሪው ሌላ ገጽ ላይ ነው ማለት ነው።»

«የት አለ ታዲያ ገጹ?»

የት እንዳለ አላወቅሁም። ግድግዳችንን ከዳር እስከ ዳር አሰስኩት፤ ገጽ ስድስት የለም። በማግስቱ እኔ ሳልጠይቃት እናቴ ወሬውን አነሳችው። «ውሃ እያሳሳቀ ነው የሚወስደው» አለች፣ ወጡን እያማሰለች። ስለ የትኛው ልጅ እንደምታስብ አውቄያለሁ። ያ የጋዜጣ ልጅ ከተሻገረ የእኛም ይሻገራል ብላ በልቧ ቆርጣለች። ቢሰጥምስ ብዬ ፈራሁ፤ ግን የሚያስቆማት አልነበረም።

እናቴ ጋዜጣውን ለጎረቤት አካፍላ ስለነበር፣ ጭቃውን እየረገጥኩ ቤት ለቤት ገጽ ስድስትን ፍለጋ ገባሁ። በየቤቱ ግድግዳ አነበብኩ። ሰዎች ሳይጠይቁኝ በርጩማ ያቀርቡልኛል፤ ከዓመት ዓመት ሲያዩት የኖሩት ግድግዳቸው ምን እንደሚል ለመስማት ሥራቸውን ያቆማሉ። ሰዎች ያን ጊዜ ግድግዳ ጆሮ አለው ይሉ ነበር፤ አፍም እንዳለው ያየሁት በዚያ ክረምት ነው። ያላገኘሁት ገጽ ስድስትን ብቻ ነበር።

ወተት የምታመጣልን አንዲት ሴት ነበረች፤ ከጭላሎ ግርጌ በጉሙ ውስጥ ቅሏን አዝላ ትመጣለች። «አዴ» ነው የምንላት። እናቴ ታሪኩን ነገረቻት፤ ከዚያ በኋላ ወተቱን ሳታወርድ መጀመሪያ የምትጠይቀው ስለዚያ ልጅ ሆነ።

«ጉርባን ጬኤ?» ልጁ ተሻገረ ወይ ማለቷ ነው።

«አልተገኘም፣ አዴ።»

«ዋይ! የእኔ ሰፈር ሰው እኮ ሁሉ ይጠይቀኛል። ምን ልበላቸው?»

ነሐሴ ገባ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበው ጀመር፤ ቤት ውስጥ ሰው ቢጮህም አይሰማም። የጥጉ ጣሪያ እንደ ልማዱ አፈሰሰ፤ ያን ዕለት ግን ውሃው እስከ ፎቶው ደረሰ። ውሃው በጋዜጣው ላይ ሲወርድ ተኝቼ አየዋለሁ። ብሩሁ ሰማይ ጨለመ። ከዚያ ከትልቁ ሰው ባርኔጣ በላይ፣ ባዶው ሰማይ ላይ፣ ጽሕፈት ብቅ አለ።

ሕልም መሰለኝ። ዓይኔን አሸሁ። ወረቀቱ ሲርስ ሳስቶ የጀርባው ጽሕፈት ከነጩ ኖራ ላይ እየታየ ነበር። ፊደሎቹ ግን ሁሉም ጀርባቸውን ሰጥተውኛል፤ የማውቃቸው እንደ «በ» ያሉትን ብቻ ነበር፣ እነሱ ከፊትም ከኋላም ያው ናቸው። እናቴ በሙሽርነቷ ያመጣቻት ትንሽ መስታወት ነበረች። መስታወት ፊደልን እንደሚገለብጥ በሳሙናው ካርቶን ስጫወት አይቻለሁ። ሮጬ አመጣኋት፤ ጀርባዬን ለግድግዳው ሰጥቼ በትከሻዬ በኩል አየሁ። የመጀመሪያው ቃል «ወንዙ» ይላል።

«እማዬ!» ብዬ ጮህኩ። «ሰማዩ ላይ ነው! ገጽ ስድስት ሰማዩ ላይ ነው!»

ገጽ ስድስት እዚያው ነበር የቆየው። የትልቁን ሰው ፊት ላለመድፋት ብላ በገዛ እጇ ወደ ኖራው አዙራ የለጠፈችው እሷ ናት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አሰላ ውስጥ ዝናብ የሚለምኑ ሁለት ሰዎች ነበሩ። ሌላው ሁሉ ፀሐይ ሲናፍቅ እኔና እናቴ ጉሙን አሻቅበን እናያለን። ሲዘንብ ሥራዋን ጥላ ትመጣና አልጋው ጫፍ ትቀመጣለች። ውሃው የደረሰበትን ያህል አነብላታለሁ። ሲያባራ ወረቀቱ ይደርቅና ታሪኩ ወደ ግድግዳው ይመለሳል። በአንዱ ዝናብ ልጁ እስከ ጉልበቱ ገባ። በሌላው እስከ ወገቡ። በሌላው ደግሞ ውሃው በትሩን ነጠቀው፣ እናቱም መቀነቷን ፈትታ ጫፉን ወረወረችለት። ከዚያ በታች ያለው የታሪኩ መጨረሻ በትልቁ ሰው ፊትና ደረት ላይ ነው፤ እዚያ ደግሞ ውሃው አይደርስም።

በዚህ መሃል አባቴ ከመንገድ ሠራተኞች ጥቂት ሬንጅ አገኘ። «ይቺን ጥግ ዛሬ ነገ ሳልል እደፍናታለሁ» አለ። ጳጉሜንም ቀርባለች፤ ሁሉም ወረቀት ሊላጥ ነው። አባቴ ሥራ በሄደበት አንድ ጠዋት ጨርቅ በውሃ ነክሬ አልጋው ላይ ወጣሁ። የትልቁን ሰው አገጭ ልነካ ስል እናቴ ገባች።

«ምን ልታደርጊ ነው? ልታስበይን ነው?» አለች፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። ብትጮህብኝ ከምፈራው በላይ አስፈራኝ። ጨርቁን ነጠቀችኝ። ከአጥሩ ወዲያ የአብዮት ጠባቂ ቤት ነው፤ ሲያስል ይሰማናል።

ጨርቁን ይዛ ቆመች። ውሃው በክንዷ ላይ ይወርዳል። የወንድሜን ትራስ አየች፤ ፎቶውን አየች። ሄዳ በሩን ከውስጥ ቀረቀረችው።

«አንቺ አትንኪው» አለችኝ። «ከአያያዝ ይቀደዳል።»

እሷው አልጋው ላይ ወጣች። የትልቁን ሰው ግንባር፣ ጉንጩን፣ ፈገግታውን፣ ትኩሳት ያለበትን ልጅ እንደምታጥብ ቀስ እያለች አረጠበችው። ፊቱ እየሳሳ ሄደና ከውስጡ መስመሮች ወጡ። መስታወቷን ያዝኩ። ልጁ መቀነቱን ለመያዝ እጁን እንደዘረጋ አነበብኩላት። ጎርፉ ግንድ ይዞ እንደመጣ አነበብኩላት። የባልቴቷ ችቦ ጠፋ። በጨለማው ውስጥ መቀነቱ ከበደ። ከዚያ አንዲት ቃል ብቻዋን ከታች አለች። አየኋትና መስታወቷን ዝቅ አደረግሁ።

«ሰጠመ?» አለች እናቴ።

በጋዜጣው ተናድጄ ፊቴን አዞርኩ። እሷ ግን ሰጥሟል ማለቴ መሰላት። መስታወቷን ከእጄ ወሰደች፣ ጀርባዋን ለግድግዳው ሰጠች። ፊደሎቹ ከመስታወቷ ይሸሿት ነበር። ወንድሜ ያስከለሳትን ያህል ነው የምታውቀው።

«ይ» አለች። መስታወቷን አስተካከለች። «ቀ። ጥ።» ላብ አጠመቃት። «ላ። ል።»

አንድ ላይ አለችው። ከዚያ ዘወር ብላ፣ «ምን ማለት ነው?» አለችኝ።

«አላለቀም ማለት ነው፣ እማዬ። ቀሪው በሚቀጥለው ጋዜጣ ይወጣል ማለት ነው።»

«አላለቀም?»

«አላለቀም።»

«አልሰጠመማ!» አለች። «አልሰጠመማ፣ ልጄ!»

በወንድሜ በኩል አልጋው ላይ ተቀመጠችና አለቀሰች። እሱ ከሄደ ወዲህ ስታለቅስ ሳያት የመጀመሪያዬ ነበር። እኔም አብሬያት አለቀስኩ፤ ደስ ብሎኝ ይሁን ተናድጄ እስካሁን አላውቅም።

አዴ በማግስቱ ስትመጣ እናቴ በሩ ላይ ጠብቃ ነገረቻት። «አልሐምዱሊላህ» አለችና ወሬውን ይዛ ወደ ጭላሎ ወጣች።

አባቴ መሰላሉን አቁሞ ሬንጁን ሲያሞቅ እናቴ ወጣችና፣ «ያቺን ጥግ ተዋት» አለችው። ለምን ብሎ ጠየቃት። «ተዋት ብያለሁ» አለች፤ ከሚያፈሰው ቦታ ስር ሳፋ አስቀመጠች። ጳጉሜን ላይ ሌላውን ግድግዳ ሁሉ ልጣ አዲስ ስትለጥፍ፣ ያን ገጽ ዙሪያውን አልፋ ተወችው። አባቴ ባመጣው አዲስ ክምር ውስጥ ቀጣዩን ጋዜጣ ፈለግነው፤ አልነበረም።

መስከረም ላይ እትዬ ቃሏን አልረሳችም። አንድ በአንድ ወደ ፊት ጠራችን። ታሪኩን እስከ ጠፋው ችቦ ድረስ ተረኩት።

«ያነበብሽለት ሰው ምን አለ?» አለችኝ።

«አልሰጠመም አለች፣ እትዬ።»

ማታ ማታ መሠረተ ትምህርት የምታስተምረው ራሷ እትዬ ስለነበረች፣ እናቴ ለምን እንዳቆመች ታውቃለች። ወደ ሰሌዳው ዞረች፤ ምንም የሚጠፋ ጽሕፈት ሳይኖር ሰሌዳውን ጠረገች። በዚያው ሳምንት እናቴ ነጠላዋን አጣፍታ ወደ ማታው ትምህርት ተመለሰች።

ዓመታት አለፉ። ጦርነቱ ቆመ፣ መንግሥት ተለወጠ። የሰፈሩ ልጆች አንዳንዶቹ በእግራቸው፣ ከስተው፣ አቧራ ለብሰው ተመለሱ። ወንድሜ አልመጣም። መርዶውም አልመጣም። ሽማግሌዎች «ቁርጥሽን አውቀሽ ተዝካሩን አውጪ» ሲሏት እናቴ በትሕትና ሰምታ፣ «አላለቀም» ብላ ትሸኛቸዋለች። ወረቀቱ ቢጫ ሆነ፣ ተቀረፈ፣ በመጨረሻ ረግፎ ኖራው ብቻ ቀረ። እሷ ግን ዝናብ ሲበረታ መስታወቷን ይዛ ባዶው ኖራ ፊት ትቆም ነበር፣ እስከ ዕለተ ሞቷ ድረስ።

ቤቱ አሁን የእኔ ነው። ከዚያች ጥግ በቀር ቆርቆሮውን በሙሉ አስቀይሬዋለሁ። አናጺው በየዓመቱ ሐምሌ ላይ ይመጣና ይቆጣኛል፤ ያቺን አንዲት ጥግ ለምን እንደማላስደፍናት አይገባውም። እኔም አላስረዳውም። ዝናቡ ሲመጣ ሳፋውን ከስሯ አስቀምጣለሁ።